ሱባ ስትሄዱ ቁጭ በሉ

የምኖረው ዓለም ገና ነው። የወጨጫን ተራራ በየቀኑ አየዋለሁ። ሥራዬ ነርስነት ነው፤ አስጎብኚ አይደለሁም። ግን ቤቴ ለሱባ ጫካ ይቀርባል፣ ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንኩም እዚያ አልጠፋም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ልጆች "ሲስተር፣ ሱባ እንዴት ነው የሚኬደው?" እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ በሻይ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም። ጻፍኩት።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሱባ የሚሄደው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የወጨጫን ጫፍ ካልረገጥኩ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሽቅብ ይወጣል። ሌላው ድስትና ስፒከር ጭኖ ይመጣና ሜዳው ላይ ሲጨፍር ይውላል። ማታ ሁለቱንም "ምን አያችሁ?" ብትሏቸው "ዛፍ" ይሏችኋል። ጫካው የሚታየው አንድ ቦታ ቁጭ ሲሉ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ዝም ብሎ። የምትነሱበት ሰዓት፣ የምትይዙት ምግብ፣ የምታስከትሉት ሰው ሁሉ ለዚህ እንዲያመች መሆን አለበት።

ቦታውን አትሳቱ

በወረቀት ላይ ስሙ መናገሻ ሱባ ነው። መናገሻ የምትባለው ከተማ ግን ያለችው በአምቦ መንገድ፣ ሆለታ ሳይደረስ ነው። ታክሲ ተራ ገብታችሁ "መናገሻ" ካላችሁ ወደዚያ ነው የሚልኳችሁ። ደኑ ያለው በወጨጫ ደቡብ ምዕራብ ጎን ነው። በአምቦ መንገድ በኩል የሚገቡም አሉ። እኔ የምመክረው የሰበታውን ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከአየር ጤና ሚኒባስ አይጠፋም። ችግሩ ከሰበታ በኋላ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ሱባ የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ መደበኛ ታክሲም የለውም። ብዙ ከሆናችሁ ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ሁለት ሦስት ከሆናችሁ ሰበታ ላይ ባጃጅ አነጋግሩ። ስትነጋገሩ "ደርሶ መልስ" በሉ፣ የሚመጣበትንም ሰዓት ቁረጡ፣ ስልኩንም ያዙ። መሄጃውን ብቻ ከተስማማችሁ ማታ ከጫካ ስትወጡ የምታገኙት የአህያ ጋሪ ነው፤ እሱም ዕድል ካላችሁ። የራሳችሁ መኪና ካለ ከፍ ያለ ይሁን። ቪትዝ በበጋ ታልፋለች፣ ግን ሆዷን ድንጋይ ይቧጥጣታል። በክረምት አትሞክሩት።

በዋዜማው አንድ ሰበታ የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን እዚያው ያለ ሰው የሚላችሁን ስሙ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካላችሁ ይቅር፤ ጫካው የትም አይሄድም። በሩ ላይ መግቢያ ይከፈላል። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌብር አይሠራም።

የደኑ ጠባቂዎችና መንገድ ላይ የምታገኟቸው ገበሬዎች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። አማርኛ የማይሰማ ጥቂት ነው። ቢሆንም ጠዋት "አካም ቡልተን"፣ ስትለያዩ "ገላቶማ" በሏቸው። ሰላም ሳይሉ አልፎ መንገድ መጠየቅ የትም ነውር ነው፤ እዚያማ ይብሳል። መንገድ የሚያሳይ ሰው ከበሩ ይዛችሁ ግቡ። መጥፋትን ፈርቼ አይደለም። እነሱ ጉሬዛዎቹ ትናንት የት እንዳደሩ ያውቃሉ፣ እናንተ አታውቁም።

መቼ ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ጥርና የካቲትም ይቻላል፣ ግን ደኑ ደርቆ እሳት ይፈራል። ሐምሌና ነሐሴ ለጭቃ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

ከወሩ የበለጠ ሰዓቱ ነው ቁም ነገሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ድረሱ። ይህን ስል "ኧረ ሲስተር!" የሚለኝ አይጠፋም። አውቃለሁ፣ ቅዳሜ የእንቅልፍ ቀን ነው። ግን 4 ሰዓት ላይ የገባ ሰው የሚያየው ከእሱ በፊት የገቡ ሰዎችን ነው። ድኩላው ሣር የሚግጠው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥሻ ውስጥ ይገባል። ወፎቹም የሚጮኹት ጠዋት ነው።

ምን ይያዛል?

ቦታው ደጋ ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ ሹራብ ያስወልቃል። ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱ። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ይሁን፦ ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ነጭ ነጠላችሁን ቤት ተዉት፤ ጫካ ውስጥ ከሩቅ ያሳብቃል። ሱሪ ረጅም፣ ካልሲም ረጅም። ሳማ በየመንገዱ ዳር አለ። ቁምጣ ለብሶ የመጣ ልጅ ሲያለቅስ ነው የሚውለው።

ለመቀመጫ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳችሁ ያዙ። ቀላል ነው፣ ጤዛ አያሳልፍም፣ ቢቆሽሽም አያሳዝንም። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁሌ አንድ ታጥፎ አለ።

ምግቡ ማብሰልና ማሞቅ የማይፈልግ ይሁን። በጾም ከሆነ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ዳቦ፣ በሶ። በፍስክ ጭኮ፣ ወይም ቋንጣ ፍርፍር በምሳ ዕቃ። ቆሎ ለመንገድ እንጂ ለመቀመጫው አይሆንም። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ አንድ ሰው ሽምብራ ሲቆረጥም ምን ያህል እንደሚሰማ ካላያችሁት አታምኑኝም።

ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንጣላለን። እነሱ ከሰል አቀጣጥለን፣ ረከቦት ዘርግተን፣ ዕጣን አጭሰን ይላሉ። ደስ ይላል፤ እኔም ሀበሻ ነኝ። ግን መሬቱ ላይ የረገፈው የጽድ ቅጠል ደረቅና ቅባትነት ያለው ነው፣ አንድ ፍም ይበቃዋል። ቡናው ቤት ይፈላና በፔርሙዝ ይምጣ። ለሦስተኛው በረካ ደግሞ ወደ ቤት ስንመለስ እንደርሳለን።

ውኃ ከቤት ያዙ። ባዶውን ሃይላንድ ይዛችሁ ተመለሱ። ፌስታልም እንዲሁ። በተለይ በሩ አካባቢ ያሉት ዝንጀሮዎች ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ምግብ መሆኑን ለምደዋል። ቦርሳ ክፍት ትታችሁ ፎቶ አትነሱ። ሙዝ አትስጧቸው። አንዱ የሰጠውን ቀጣዩ ሰው ካልሰጠ ጥርሳቸውን የሚያሳዩት ለእሱ ነው።

ማንን ይዞ ይኬዳል?

አራት ሰው ጥሩ ነው። ስድስት ይበዛል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በሁለት ተከፈሉ፣ ምሳ ላይ ተገናኙ። ልጆች ዝም አይሉም የሚለውን አልቀበልም። የእህቴን ልጅ "የጉሬዛዎቹን ጭራ ቁጠርልኝ" ብዬ ስሰጠው ከእኔ በላይ ዝም ይላል። ሥራ የሌለው ልጅ ነው የሚረብሽ። አዋቂ ላይ ይከብዳል። በተለይ ስልክ ላይ "አሁን ጫካ ውስጥ ነኝ!" እያለ የሚጮኸው ላይ። ስልካችሁን ፍላይት ሞድ አድርጉት።

እንዴት ነው የሚቀመጠው?

ከበሩ ወዲያ ያለው ሁሉ የቆየው ደን አይደለም። ደኑ በጠቅላላው ወደ 9 ሺህ ሄክታር ይሆናል ይባላል፤ ከዚህ ውስጥ በኋላ የተተከለ ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጽድም አለ። ረድፍ ረድፉን የቆመ ዛፍ ካያችሁ እለፉት። እዚያ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። አብሯችሁ ያለውን ጠባቂ "ጥንታዊው ጋ ውሰደን" በሉት። ስትደርሱ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ይሆናል፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፣ ድምፃችሁ ራሱ ይቀንሳል።

ከዚያ ትልቅ ዛፍ ፈልጉ፤ ጀርባችሁን ለግንዱ ስጡ። ፊታችሁ ገላጣ ቦታ ወይም የውኃ መውረጃ ይሁን። ከመቀመጣችሁ በፊት መሬቱን እዩ፤ የጉንዳን መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ሊል አይችልም። ነፋሱ ከፊት ወደ እናንተ ይንፈስ። ከኋላችሁ ከነፈሰ የሳሙናችሁ ሽታ ቀድሟችሁ ይሄዳል። ሽቶ አትቀቡ ማለት አይጠበቅብኝም።

መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። በመምጣታችሁ ሁሉም ዝም ብሏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው "በቃ፣ እንሂድ" የሚለው። ቆዩ። ቀድመው የሚመለሱት ትንንሾቹ ወፎች ናቸው። ከዚያ አናት ላይ ቅርንጫፍ ይንቀሳቀሳል። አንገታችሁን ቶሎ አታዙሩ፤ ዓይናችሁን ብቻ። በእጅ አታመልክቱ።

ጉሬዛ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ለማየት ቀላል ነውና። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጀርባው ላይ ነጭ ረጅም ፀጉር ካባ አድርጎ ወርዶለታል። ጠዋት ዛፍ አናት ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ምግቡ ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ሆድ ውስጥ ለመብላላት ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ብዙውን ቀን ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው። እጁን በደንብ ካያችሁ አውራ ጣት የለውም፤ ካለም ትንሽ ጉጥ ብቻ ነው። አራቱን ጣት እንደ ሜንጦ አጥፎ ነው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘለው።

ድኩላው ይከብዳል። የምኒልክ ድኩላ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ነው፣ ጥላ ውስጥ ከቆመ ጥላ ነው የሚመስለው። ከጥሻ ውስጥ የውሻ ጩኸት የመሰለ አንድ ድምፅ ከሰማችሁ ውሻ አይደለም፤ እሱ ነው፣ አይቷችኋል ማለት ነው። ነብርም በደኑ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል። እንደምታዩት ግን ቃል የሚገባላችሁን ሰው አትመኑ።

ከወፎቹ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው ትልቅ አረንጓዴ ነው፣ ጉንጩ ላይ ነጭ አለው። ተቀምጦ ሳለ ከቅጠሉ አይለይም። ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይከፈታል፤ አብሮኝ የነበረ ሰው ሁሉ "እንዴ!" ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ነው። ይህኛው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይኖርም። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። ብዙ ጊዜ ጥንድ ወይም ትንሽ መንጋ ሆነው ስለሚሄዱ አንዱን ካያችሁ ሌላውን ፈልጉ።

ዛፉን ለይቶ ማወቅ

እንስሳው ቢቀር ዛፉ አይቀርም። እኔን ዛፍ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጺ። ጋሼ እንጨቱን በሽታው ነው የሚያውቁት። "ዝግባ ለመጋዝ ደስ ይላል፤ ለምስጥም ደስ ይላል። ጽድን ግን ምስጥ አይደፍረውም" ይሉኛል። ለዚህ ነው የድሮ አጥርና የድሮ ቤት ምሰሶ ጽድ የሆነው። ስለዚህም ነው የቆመው ጽድ ያነሰው።

የሀበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ብዙ ሰው ያምታታል። ቅጠላቸው ከሩቅ አንድ ነው። ፍሬውን ከመሬት አንሱ። የሀበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። የፈረንጁ እንጨት የሆነ ደረቅ ኳስ ነው፣ ሲደርቅ በየስንጥቁ ይከፈታል። ይህን አንዴ ካወቃችሁ የተተከለውን ከጥንቱ ለመለየት ማንንም አትጠይቁም። መለማመድ ከፈለጋችሁ ከጉዞው በፊት አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግቡ፤ ጽዱም ወይራውም እዚያ አለ።

ዝግባ ቅጠሉ ጠበብ፣ ረዘም ብሎ ጠንካራ ነው፤ ፍሬው ድብልብል። ወይራ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጡት፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ደብዛዛ ወርቃማ ነው። እናቶቻችን እንስራና ቅል የሚያጥኑበት እሱ ነው። አትቁረጡ። ከወደቀው አንስታችሁ አሽትቱ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ።

ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ኮሶ ይመጣል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ፣ እየተላጠ የሚወድቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ከሄዳችሁ የሴቴዋ አበባ ቀይ ዘለላ ሆኖ ተንዠርግጎ ታዩታላችሁ። እዚህ ላይ ነርስነቴን ልሥራ። ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ነንና ኮሶ ትል አይለቀንም፤ አያቶቻችን በየጊዜው ይህንኑ አበባ ፈጭተው ይጠጡ ነበር። እናንተ አትጠጡ። ልኩ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል፣ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ የከፋ ነው። ጤና ጣቢያ ክኒን አለ።

ይህ ደን እንዴት ተረፈ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ተጨፍጭፎ የለም? የሚነገረው ታሪክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት፣ ከዚያም የነገሥታት ደን ሆኖ ተጠበቀ ነው። ወፍ ዋሻ ያለው ደብረ ሲና አካባቢ ነው፤ ከዚያ እስከዚህ ስንት አገር እንደሆነ አስቡት። ከዚያ ወዲህ ያለው የሚታወቅ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ማገዶ አለቀባት። ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነስተው ነበር። ከተማዋን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው። በእኔ ግምት ለሱባም የጠቀመ እሱ ነው፤ በቶሎ የሚያድግ ማገዶ ባይመጣ ኖሮ መጥረቢያው ወጨጫን አይምረውም ነበር። ስለዚህ በመንገዳችሁ ግራና ቀኝ ያለውን ባህር ዛፍ ብዙ አትሳደቡ። እኔም ስለ ውኃ መምጠጡ ስሳደብ ኖሬ አሁን ትንሽ ቀንሻለሁ።

ጫፍ ካልወጣን ለምትሉ

እሺ። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ገደማ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ አሁን ሞቷል። ጽዱ ያልቅና ኮሶው፣ ከዚያ አስታና ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይተካል። ከላይ ነፋሱ ይከፋል። ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ሳይዙ መውጣት የለም። ደም ግፊት ወይም አስም ያለባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትሞክሩት። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታውን ለምዷል የሚባለው ደረጃ ላይ እንኳ የሚያለከልከውን አይመለከትም። ከወጣችሁ ግን የዚያን ቀን ጫካውን አያለሁ አትበሉ። ሌላ ቀን ያዙለት።

ስትመለሱ

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከጫካው ውጡ። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ከሰበታ ወደ አየር ጤና ሰልፉ ይረዝማል፣ ዓለም ገና ላይ ደግሞ መንገዱ ይዘጋጋል። ሳማ የነካው ካለ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ አይከከው፤ ቀስ እያለ ይለቃል።

ቤት ስትደርሱ ልብሳችሁን ከማውለቃችሁ በፊት ካልሲና የሱሪ ጫፍ ፈትሹ። ከብት ወደሚግጥበት አካባቢ ከገባችሁ መዥገር ሊኖር ይችላል። ገላችሁን ስትታጠቡ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ከጆሮ ጀርባ እዩ፤ የልጆቹን ደግሞ ራስ ቅላቸውን በጣት ዳስሱ። ከተጣበቀ ክብሪት አታስጠጉበት፣ ቅቤም ጋዝም አትቀቡት። በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቦታውን በሳሙና እጠቡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ወይም ራስ ምታት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ "ጫካ ነበርኩ" ማለቱንም አትርሱ። ካልነገራችሁን ወባና ታይፎይድ ስንመረምር ነው የምንውለው።